ባቡር በዙላ፣ መድፍ በጋይንት

በ1860 ዓ.ም. ሁለት ከባድ ብረቶች ወደ መቅደላ አቅጣጫ ይጓዙ ነበር። አንዱ እንግሊዞች በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዙላ ላይ ያወረዱት የእንፋሎት ባቡር ነው። ሌላው ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በእኛው በጋይንት በኩል የተጎተተው የአጼ ቴዎድሮስ መድፍ፣ ሴባስቶፖል ነው። መድፉን የማያውቅ የለም፤ ስለ ባቡሩ ግን ሲወራ እምብዛም አልሰማም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። አጼ ቴዎድሮስ በ1858 ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ባለሙያና ማሽን ጠይቀው ነበር። ባለሙያውም ማሽኑም ምጽዋ ድረስ መጣ፤ ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን አልተፈቱምና ደጋውን ሳያይ ተመለሰ። ብዙ ሳይቆይ በዚያው ዳርቻ የወረደው ሞተር እስረኞቹን ሊያስፈታ የመጣው የእንግሊዝ ዘማች ስንቅ ማመላለሻ ሆነ።

የእንፋሎት ባቡር ሲያዩት ያስደምማል። እሳቱ ውሃውን ያፈላል፣ የታፈነው እንፋሎት ፒስተኑን ይገፋል፣ ያ ሁሉ ብረት ይነቃነቃል። ያለ ሐዲድ ግን ከቆመበት ፈቀቅ አይልም። የዙላዎቹ ከህንድ የመጡ አሮጌ ባቡሮች ነበሩ፤ ሐዲዱም አንድ ወጥ አልነበረም። ከዙላ እስከ ተራራው ግርጌ፣ እስከ ኩማይሌ ያለው 20 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መስመር ወራት ፈጀ። ከዚያ በላይ ዘማቹ በበቅሎና በዝሆን ወጣ። ጦርነቱ ሲያበቃም ሐዲዱን ነቃቅለው ወሰዱት።

በጋይንት በኩል ደግሞ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በጠፍር ይጎትተዋል። ከፊቱ መንገድ የለም። ዐለቱ በባሩድ ይፈነዳል፣ ገደሉ ይናዳል፣ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሣሉ። መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። በጌምድር በዚያን ጊዜ ሸፍቶባቸዋል፤ ሠራዊቱ የገበሬውን ጎተራ ጠርጎ ነበር የሚያልፈው። ጀግንነቱን ስንተርክ ይህንንም አንዝለል።

መድፉ ንጉሡን አላዳነም፤ ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል። መንገዱ ግን አገለገለ፤ በናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር እንኳ የዋድላንና የደላንታን ገደሎች የተሻገረው ቴዎድሮስ ባስጠረጉት መንገድ ነው። ለእኔ የዚያ ዘመን ትልቁ ሥራ ከባቡሩም ከመድፉም ይልቅ ያ መንገድ ነው።

ዛሬ ከነፋስ መውጫ ወደ ጨጨሆ በመኪና ሽው እንላለን። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ መምህራን ሆይ፣ ያ የጥንቱ መንገድ በየት በየት እንዳለፈ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቁ፤ ተማሪዎቻችሁንም አስከትላችሁ ሂዱና ጻፉት።