ለለቅሶ የሚሆን ፎቶ

ሆልጋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «እውነት ይሄ ነገር ፎቶ ያነሳል?» አይፈረድበትም። አካሉ ፕላስቲክ ነው፣ ሌንሱም ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፣ ሲነቀንቁት ውስጡ የሆነ ነገር የወለቀ ይመስል ይንኳኳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሲሠራ የታሰበውም ውድ ካሜራ መግዛት ለማይችል ተራ ቤተሰብ ነበር። ሻተሩ አንድ ፍጥነት ብቻ ነው ያለው፣ በግምት የሰከንድ አንድ መቶኛ። ርቀት የሚስተካከለው በቁጥር ሳይሆን በትንንሽ ሥዕሎች ነው፦ አንድ ሰው፣ ቤተሰብ፣ ብዙ ሰው፣ ተራራ። የጀርባ ክዳኑ በደንብ ስለማይገጥም ብርሃን ያስገባል፤ የሆልጋ ባለቤቶች ክዳኑን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥቁር ናስትሮ የሚጠቀልሉት ለዚህ ነው። እኔም ጠቅልዬዋለሁ።

ይሄ አልበቃ ብሎ የኔው ላይ የዓሣ ዓይን ሌንስ ተደርቦበታል። ከፊት ይሰካል፣ ከዚያ በኋላ አራት ማዕዘን ፎቶ ቀረ ማለት ነው፤ ጥቁር ሜዳ መሐል ላይ አንድ ክብ ዓለም ብቻ ይወጣል። ማያ ቀዳዳዋ ስለተደረበው ሌንስ የምታውቀው ነገር የለም። ፊት ለፊትህ ያለውን ሰው ብቻ ታሳይሃለች፤ ፊልሙ ላይ ግን በግራ በቀኝ ያለው ሁሉ ይገባል፣ የራስህ ጣትና የጫማህ ጫፍ ሳይቀር።

ካሜራውን ከሦስት ጥቅል ፊልም ጋር ያመጣልኝ ከውጭ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አንዱ ጥቅል 12 ፎቶ ይሰጣል። ሦስቱ 36 መሆናቸው ነው። የዚህ ዓይነቱ ሰፊ ፊልም ባሕር ዳር ሱቅ ገብተህ «አንድ ስጠኝ» የምትለው ዕቃ ስላልሆነ፣ 36ቱ ካለቀ አለቀ። ለወራት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ባሕር ዳር ተቀምጦ ለሩቅ ድርጅት ኮድ የሚጽፍ ሰው ያለ ኢንተርኔት ምን ሊሠራ እንደሚችል እናንተው ገምቱት። ሥራዬ ቆመ። መንገድ ተከፍቷል ሲባል ወደ ቆላ ድባ ሄድኩ፤ አያቴና አጎቴ ያሉት እዚያ ነው።

መንገድ ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ ካሜራውን አወጣ። አገላበጠው፣ ነቀነቀው፣ ሲንኳኳ ሰማ። «ይሄ ምንድን ነው?» «መጫወቻ ነው።» መለሰልኝ። ትክክለኛ ካሜራ ቢሆን ኖሮ ወሬው እንዲህ አያጥርም ነበር።

ቆላ ድባ ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ መንገዱ በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ ጣና ላይ ያደርሳል። የደምቢያ ሜዳ ደግሞ ለዓሣ ዓይን ሌንስ የተዘጋጀ ሰሌዳ ማለት ነው፣ እስከ ሐይቁ ድረስ ዝርግ። አድማሱን በክቡ መሐል ካሳለፍከው ቀጥ ብሎ ይቀራል። ካሜራውን ትንሽ ወደ መሬት ካዘነበልክ ሜዳው እንደ አክንባሎ ይጎብጣል፤ ወደ ሰማይ ካቀናህ እንደ ወጭት ይሰረጉዳል። በመጀመሪያው ጥቅል ይህንኑ ስሞክር ዋልኩ።

ድሮ በታንኳ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት አጎቴ ስሙን ሲሰሙ ሳቁ። «የየትኛው ዓሣ ዓይን ነው? የቀረሶ ነው የአምባዛ?»

ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። ሮበርት ዉድ የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1906 ዓሣ ከውኃ ሥር ሆኖ ሽቅብ ሲያይ ዓለም እንዴት እንደሚታየው ጻፈ፤ ውኃ በሞላው ዕቃ ውስጥ ካሜራ አዘጋጅቶም ፎቶ አነሳ። ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ ስለሚታጠፍ፣ ከዳር እስከ ዳር 180 ዲግሪ የሆነው ሰማይ በሙሉ 97 ዲግሪ ገደማ በሆነች ክብ መስኮት ተጨምቆ ይገባል። ዳር የቆመው ዛፍ፣ ታንኳው፣ አጥማጁ፣ ሁሉም እዚያች መስኮት ጠርዝ ላይ ነው የሚታየው። በ1920ዎቹ ደግሞ ሮቢን ሂል የሚባል እንግሊዛዊ ደመና ለማጥናት መላውን ሰማይ በአንዴ የሚያነሳ ሌንስ ሠራ። የኔዋ ፕላስቲክ የነሱ የልጅ ልጅ ናት።

አጎቴ በጥሞና ሰሙኝና «የጣና ዓሣ ግን ይሄን አያይም» አሉ። ልክ ናቸው። በክረምት መገጭ የሚያመጣው አፈር ውኃውን ቡና ያስመስለዋል፤ ከዚያ ላይ እምቦጭ አለ። እምቦጭ ጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ መጀመሪያ የታየውም እዚሁ በኛ በኩል፣ የመገጭ መግቢያ አካባቢ። ከእምቦጭ ሥር ያለ ዓሣ ሽቅብ ቢያይ ሥር ነው የሚያየው። ሰማይ የለም።

አያቴ ከመነኮሱ ቆይተዋል፤ እማሆይ ነው የምንላቸው። በሦስተኛው ቀን ቡና እየተጠጣ «እንዳው ካሜራ ከያዝክ አይቀር፣ ለለቅሶዬ የምትሆን አንድ ፎቶ አንሳኝ» አሉኝ።

በዚያ ሰሞን አንዲት ጎረቤታቸው አርፈው፣ ፎቶ ሲፈለግ የተገኘው የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው ብቻ ነበር። እሱ ተወስዶ ተጎልቶ ሲመጣ ፊታቸው ጭጋግ ሆነ። አልቃሹ ማንን እያየ እንደሚያለቅስ ቸገረው አሉ እማሆይ። እሳቸው የሚፈልጉት ታውቋል፦ ጉርድ፣ ከደረት በላይ፣ ቆቡ ቀጥ ያለ፣ ጥርስ የማይታይበት፣ ፎቶ ቤት እንደሚነሳው ዓይነት። የዓሣ ዓይን ሌንስ ይህን አንዱንም አያደርግም። ቀርበህ ካነሳኸው አፍንጫ ይገዝፋል፣ ርቀህ ካነሳኸው ሰውየው ምስር ያህላል።

ጉርዱን በስልኬ አነሳሁላቸው፣ ነጭ ነጠላ ከኋላ ሰቅዬ። ጥሩ ወጣ። ከዚያ «አንቱ፣ አንድ ደግሞ በዚህች በመጫወቻዋ» ብዬ ለመንኳቸው። ሲኒያቸውን እንደያዙ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። አጎቴ ከጎን፣ የአጎቴ ሚስት ደጃፉ ላይ፣ ልጆቹ መሬት ላይ፣ አንዲት ጎረቤት ጄሪካን ይዛ ስታልፍ «ነይ ግቢ» ተባለች። የአጎቴ የመጀመሪያ ልጅ፣ 19 ዓመቱ ነበር፣ «በዚህ ዕቃ እኔን እንዳታነሳኝ» ብሎ ተነሳና ሄዶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ወደሱ እንኳን አልዞርኩም። ቀጭ አለ፣ አለቀ።

ባሕር ዳር ስመለስ ፊልሙን ቤት ውስጥ አጠብኩት። ጥቁርና ነጭ ፊልም በቡና ይታጠባል ስል የሚያምነኝ የለም፣ ግን ይታጠባል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ሮችስተር ውስጥ አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ያገኘው ዘዴ ነው። ቡና፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ቫይታሚን ሲ። ማጠቢያ ሶዳውን ሳጣ የዳቦ ሶዳ ምጣድ ላይ አግዬ ሠራሁት፤ ሲግል ውኃውና ጋዙ ይወጣና የሚቀረው እሱው ነው። ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር ግን ከኩሽና አይገኝም። አንድ የራጅ ባለሙያ ዘመዴ፣ ራጅ በፊልም ይነሳ ከነበረበት ጊዜ የተረፈ ሰጠኝ። እህቴ የቆላሁትን ቡና መጠን አይታ «ይሄ ኃጢአት ነው» አለች። በነገራችን ላይ ለዚህ ሥራ ርካሹ ሮቡስታ ከኛ ዐረቢካ ይሻላል ይባላል፤ ለአንድ ጊዜ እንኳን የኛ ቡና ቢበለጥ ምን አለበት።

ፊልሙን ላፕቶፕ ነጭ ስክሪን ላይ ዘርግቼ በስልክ አነሳሁት፣ ቀለሙን ገለበጥኩት። እማሆይ መሐል ናቸው፣ ሲኒዋ የሳቸውን ጭንቅላት ታህላለች። የቆርቆሮው ጠርዝ እንደ ደጋን ጎብጧል። ጄሪካኗ አለች። ግራ ጠርዝ ላይ፣ ክቡ ወደ ጥቁር ሊገባ ሲል፣ አጥር የተደገፈ ልጅ አለ።

ከሁለት ወር በኋላ ያ ልጅ ከቤት ወጣ። የት እንደሄደ፣ ከማን ጋር እንደሄደ አልታወቀም። አጎቴ በሰው ልከው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ያኔ ያነሳኸው ላይ ልጁ አለ ወይ?» ስልኩን ይዞት ሄዷል፤ ቤት ውስጥ የቀረ የቅርብ ፎቶ የለም። ያለው የስምንተኛ ክፍል ነው፣ ያኔ ሕፃን ነበር።

ኢንተርኔት ባይኖርም ላፕቶፔ ላይ ቀድሞ የተጫነ ኦፕን ሲቪ አለ፣ የዓሣ ዓይን ምስል ለማቃናት የተዘጋጀ ክፍልም አለው። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። ተራ ሌንስ አንድን ነገር ከመሐል የሚያርቀው በማዕዘኑ ታንጀንት ልክ ነው፤ የዓሣ ዓይን ግን ከሞላ ጎደል በማዕዘኑ በራሱ ልክ። አንዱን ወደ ሌላው ለመመለስ ታንጀንቱን ትጠራለህ፦ 45 ዲግሪ ላይ 1 ነው፣ 60 ላይ 1.73፣ 80 ላይ 5.67፣ 90 ላይ የለም። ስለዚህ ክቡን በሙሉ ቀጥ ላድርግ ስትል መሐሉ ያምራል፣ ቆርቆሮው ይቃናል፣ ዳር ያለው ሰው ግን እንደ ልጥ ይለጠጣል። ዝግጁ ፕሮግራሞች ይህንን የሚፈቱት ዳሩን ቆርጠው በመጣል ነው። የመጀመሪያው ሙከራዬ ያወጣው ምስል ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ፣ ልጁ የሌለበት ነበር።

ሌላ መንገድ አለ። ምስሉን በሙሉ ከማቃናት፣ በሒሳብ አንድ ምናባዊ ካሜራ ፈጥረህ ፊቷን ወደ ግራ ጠርዝ ታዞራለህ፤ ያኔ ዳር የነበረው መሐል ይሆናል፣ እሱ ብቻ ይቃናል። የሌንሱን ልክ ስለማላውቀው በግምት ነበር የሠራሁት። መለኪያዬ የአጥሩ የባሕር ዛፍ አጠና ነበር፣ እሱ ደግሞ በተፈጥሮው ጠማማ ነው፤ ሌንሱ ይሁን እንጨቱ የጎበጠው ለመለየት ሁለት ሌሊት ፈጀ። በመጨረሻ የልጁ ራስ ክብነቱን ትቶ የሰው ራስ ሆነ። ፊቱ ደብዛዛ ነው፤ ዳር ላይ ፕላስቲኩ ከዚያ በላይ አይስልም፣ ያልተያዘውን ደግሞ ኮድ አይፈጥረውም። የሚያውቀው ሰው ግን ያውቀዋል። ክንዱን ያጣመረበት ሁኔታ የሱ ነው።

በ2016 ፋሲካ ሁለቱን አሳትሜ ሄድኩ፦ የእማሆይን ጉርድና ክቡን ፎቶ። የልጁን ለብቻው አጉልቼ ለማሳተም ላፕቶፑ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፣ አጎቴ አይተው ይወስኑ ብዬ።

እማሆይ ጉርዱን አዩት፣ «ይበጃል» ብለው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አስገቡት። ክቡን ግን መጀመሪያ አልወደዱትም። «ይቺ ሲኒ ናት ጋን?» ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ስምንት ሰው አገኙ፤ መሬቱ ላይ የተጋደመውን ጥላዬን ጨምረው ዘጠኝ አሉ። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ማንም አልነገራቸውም።

አጎቴ «ይሄንን ለብቻው ያወጣዋል፣ አጉልቶ፣ በፍሬም» አሉ።

«አይሆንም።»

«እማሆይ፣ ለመፈለጊያ ነው እኮ።»

«ለብቻው ጎልቶ በፍሬም የሚወጣው የሞተ ነው። ልጁ ከኛ ጋር እንደቆመ ይቆይ።» ክቡን ፎቶ ራሳቸው ይዘው ተነሱና ከሥዕለ ማርያሟ ዝቅ ብሎ ያለው ሚስማር ላይ አሰቀሉት።

እኔ በሁለቱም እስማማለሁ፤ ይሄ ደግሞ ማንንም አይረዳም። እማሆይ ያሉት የአገሩ ወግ ነው፣ እኔም ለቅሶ ቤት ደጃፍ ከሬሳው ሳጥን ቀድሞ የሚታየውን ፍሬም አውቀዋለሁ። ግን ስምንት ሰው ባለበት ክብ ውስጥ ጥፍር የምታህል ራስ አሳይቶ «ይሄን ልጅ አይታችኋል?» ማለት አይቻልም።

ማታ አጎቴ ከብቶቹን አስገብተው ሲመለሱ በረት አጠገብ ጠሩኝ። ፋይሉን ስልካቸው ላይ አደረግሁላቸው። አላሳተምነውም፣ ፍሬም የለውም፣ እማሆይም አልጠየቁም።

አሁን ገበያ ቀን፣ ከአዘዞ የሚመጣው መኪና ሲቆም፣ አጎቴ ወራጁን ያስቆማሉ። ስልኩን ያሳያሉ፣ የፀሐዩን ነጸብራቅ በመዳፋቸው እየከለሉ። ምስሉ ከደረት በታች ስለማይታይ፣ ቀጥሎ በሌላው እጃቸው የልጁን ቁመት ከትከሻቸው ትንሽ ከፍ አድርገው ይለኩላቸዋል።