የዓለም ጤና ቀጠሮ

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወርደው አሮጌ አስፋልት ላይ፣ ከመቂ በፊት፣ ዓለም ጤና አለች፤ የሽንኩርትና የቲማቲም አገር፣ የቦራ ወረዳ መቀመጫ። ኑሮዬ ለንደን ነው፤ ኦሮምኛ አልሰማም። የወረዳው ፍርድ ቤት የችሎት ቋንቋ ግን ኦሮምኛ ነው፤ ስለዚህ ከፍርድ ቤቱ ደጅ፣ ከአንድ ራፖር ጸሐፊ ጥላ ሥር ተቀምጬ አማርኛ የሚችለውን ሁሉ አወራሁ።

የልጆቿን አሳዳሪነትና ቀለብ የምትከራከር እናት ጠበቃ እንዳላት ብጠይቃት፣ «ጠበቃማ የውኃ ሞተር ላለው ነው፣ ወንድሜ» አለችኝ። ወጪዋን ዘረዘረችልኝ፦ ማመልከቻ ማስጻፊያ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ባጃጅ፣ የምስክሮች ምሳ። የሚብሰው ግን ቀጠሮ በተባለ ቁጥር የሚቀርባት የሽንኩርት ነቀላ የቀን ሥራ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለችግረኛ በደሃ ደንብ መክሰስን ይፈቅዳል፤ የሚያስቀረው ግን የዳኝነቱን ክፍያ እንጂ የባጃጁን አይደለም።

እንግሊዝ አገርም ቢሆን፣ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በልጅ ለሚካሰሱ ወላጆች መንግሥት ጠበቃ የሚከፍለው በአብዛኛው የቤት ውስጥ ጥቃት ማስረጃ ሲቀርብ ነው። ሌላው ወይ ከኪሱ ይከፍላል፣ ወይ ብቻውን ይቆማል።

ሕጉስ አላነሰም። ኦሮሚያ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የራሷ የቤተሰብ ሕግ አላት። የፌዴራል ሰበር ችሎትም በ2000 ዓ.ም.፣ በመዝገብ ቁጥር 23632፣ ልጁን ለዓመታት ትቶ ከቆየ አባት ይልቅ ያሳደገች አክስት ሞግዚት እንድትሆን ወስኗል፤ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ፣ ከሥጋ ዝምድና የልጅ ጥቅም ይቀድማል ብሎ። ግን ሰበር ለመድረስ ስንት ደጅ ይጠናል? ከዚህ ይግባኝ የሚባለው አዳማ ነው፤ መሳፈሪያውም የቀረው የሥራ ቀንም ይጨምራል። «እስከ ሰበር እሄዳለሁ» ማለት ገንዘብ ባለው አፍ ዛቻ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በመጨረሻም ብዙ ውሳኔ «ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ ይቻቻሉ» ብሎ ይዘጋል። ለሁለቱም እኩል የተባለው ወጪ ልጆቹን ከያዘችው ዘንድ ሲደርስ ከልጆቹ ጉርሻ ይቀነሳል። ኦሮሚያ የራሷ ሕግ ቢኖራትም፣ መውጫውን የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ያሳያል፦ የፍቺ ጥያቄ እንደቀረበ ስለ ልጆች አያያዝና ቀለብ ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ቀለቡ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ከተቆረጠ፣ ክርክር ማጓተት ለባለ ገንዘቡ ትርፍ መሆኑ ይቀራል።