በሩቅ ተራራ ላይ የሚታይ እሳት

ከሰበታ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በተጂ ላደገ ሰው ዓለም ሜዳ ናት። የበቾ ጥቁር መሬት ጤፍን እንጂ ተራራን አያበቅልም። ስለዚህ በልጅነቴ፣ ተወራርዶ በብርዳም ተራራ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ራቁቱን ቆሞ ስላነጋው አገልጋይ ሲተረትልኝ፣ ሰውየውን በሩቁ በሚታየኝ በወጨጫ ላይ አቆምሁት። ሥዕል ያለበት የተረት መጽሐፍ ስላልነበረን እያንዳንዳችን የየራሳችን ሠዓሊ ነበርን።

ይህን ተረት ሃሮልድ ኩርላንደርና ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥ እናገኘዋለን። በእነርሱ አተራረክ ተራራው ሱሉልታ ነው። አገልጋዩ አርሃ ሌሊቱን የሚያልፈው፣ አንድ ጠቢብ ሽማግሌ ከሸለቆው ማዶ ያነደደለትን እሳት እያየ ነው። ጌታው «እሳትን ማየት መሞቅ ነው» ብሎ ውርርዱን ይክዳል። በኋላ ግን ግብዣ ተደግሶ እንግዶቹ የወጡን ሽታ ብቻ እንዲያሸቱ ይደረግና ፍርዱ ይገለበጣል።

ይኸው ተረት እ.ኤ.አ. በ1994፣ በማጂ ባደገችው በጄን ከርትዝ ብዕር እንደገና ተጽፎ በሥዕል መጽሐፍነት ታተመ። ሠዓሊው ኢ. ቢ. ሌዊስ ነው። ሌዊስ እ.ኤ.አ. በ1956 በፊላደልፊያ ተወለደ፤ በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የታይለር ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ፤ በመምህርነትም ሥዕል አስተማረ። ለሕፃናት የሣለው የመጀመሪያ መጽሐፉ ይህ የእኛ ተረት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጻሕፍትን ሥሏል። እ.ኤ.አ. በ2003 የኮሬታ ስኮት ኪንግን የሠዓሊነት ሽልማት፣ በ2005 ደግሞ የካልዴኮትን የክብር ሽልማት ተቀብሏል።

ሌዊስ የታወቀው በውሃ ቀለም ነው። በውሃ ቀለም ጥበብ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ በብሩሽ አይጨመርም፤ ሠዓሊው ወረቀቱን ሳይነካ ይተወዋል፣ ነጩም ወረቀት ራሱ ያበራል። እሳትን በዚህ መንገድ የሚሥል ሰው ነበልባሉን ገና ከመጀመሪያው አስቦ፣ ጨለማውን በዙሪያው ቀስ በቀስ መገንባት ይኖርበታል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

እንግዲህ የፊላደልፊያ ሰው የሣለው እሳት የሱሉልታን ወይም የተጂን ልጅ ያሞቃልን? መልሱን ተረቱ ራሱ የሰጠን ይመስለኛል። የማዶው ነበልባል ሙቀቱ አርሃ ዘንድ አልደረሰም። ያጸናው፣ አንድ ሰው ስለ እርሱ ሲል እንቅልፉን አጥቶ እንጨት እየጨመረ መሆኑን ማወቁ ነው። የሕፃናት መጽሐፍ ሠዓሊም ከማያውቀው ልጅ ጋር የሚያመሽ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ከቅርብ የሚነድ እሳትም ያስፈልገናል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የቂሉ ማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያሳትም ሥዕሉን የሠራው ቦጋለ በላቸው ነበር። ማሞን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መልክ የሰጠውን ሠዓሊ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የሕፃናት መጽሐፍ የሚገልጥ ወላጅ ሁሉ፣ ከደራሲው ስም ቀጥሎ የተጻፈውንም ስም ለልጁ ጮክ ብሎ ያንብብለት።