የጉንፋን ኪኒን ስንገዛ
እህቶቼ፣ ጉንፋን ሲይዘኝ የመድኃኒት ባለሙያውን አስቀድሜ የምጠይቀው «ኪኒኑ ውስጥ ምን አለ?» ብዬ ነው። ብዙው የጉንፋን ኪኒን ፓራሲታሞል አለበት፤ ለራስ ምታት ብለን ሌላ ፓራሲታሞል ስንደርብበት ጉበታችንን ልንጎዳ እንችላለን። ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም። ክሎርፌኒራሚን ያለበት ደግሞ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ወደ ፈረቃዬ ስሄድ አልውጠውም፤ ማሽን ለሚያንጎላጅ አይራራም።

ለልጆቻችን ከአዋቂ ኪኒን ቆርሰን አንስጥ። ዓመት ላለፈው ልጅ ማር ሳሉን ያስታግስለታል፤ ዓመት ላልሞላው ግን ማር ክልክል ነው። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አያድነውም። የሕፃኑ ትንፋሽ ከፈጠነ ወይም ጡት እምቢ ካለ ግን መድኃኒት መምረጡን ትተን ወደ ጤና ጣቢያ እንሩጥ።