አጥሚቱን ስላቀረብሽ አይደለም

ውድ እህቴ፣

ነፍሷን ይማር፤ አንቺንም ያጽናሽ። ከዚራ፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው ስለበዛ የልቤን ሳልነግርሽ ወጣሁ። ድሬዳዋ «አንቱ» አትወድምና በ«አንቺ» ልጻፍልሽ።

እያለቀስሽ የደጋገምሽው አንድ ነገር ነው፤ «ሲያስመልሳት አጥሚት እየሰጠሁ ዝም አልኩ፤ እኔ ነኝ የገደልኳት።» ጨጓራዋን በኦፕራሲዮን አስቀንሳ ከውጭ ስትመለስ፣ መጋላ ያለው ልብስ ሰፊ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ ሲያጠብብላት ሁላችንም «እንዴት አማረባት!» ነው ያልነው። ማስመለሱ የኦፕራሲዮኑ ጠባይ መሰለን። ዓይኗ ሲንከራተት፣ እንደ ሰከረ ሰው ስትንገዳገድ፣ ስሜን ስትረሳው «ድካም ነው» አልን።

ኋላ ሐኪሙ እንደነገረን የጎደላት ቫይታሚን ቢ1 ነበር። ሰውነት ከዚህ የሚያስቀምጠው ስንቅ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ቢበቃ ነው። የተበላው ሁሉ ሲመለስ ስንቁ ያልቃል፤ አንጎልም ያለሱ ስኳርን ወደ ጉልበት መለወጥ ያቅተዋል። የዓይኑ፣ የእርምጃውና የግራ መጋባቱ ምልክት ሦስቱም አንድ ላይ የሚታዩት በጥቂቶች ላይ ብቻ ስለሆነ ሐኪምንም ያታልላል።

ሕመሙ በስሙ የተጠራለት ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ፣ እ.ኤ.አ. በ1881 ስለ ሦስት ሕመምተኞች ጻፈ። አንዷ ልብስ ሰፊ ወጣት ናት፤ አሲድ ጠጥታ ጨጓራዋ ስለተጎዳ ያስመልሳት ነበር። ሦስቱም ሞቱ። ቫይታሚኑ ነጥሮ የወጣው በ1926 ነው። ቬርኒከ ያላወቀውን አንቺ ምድጃ ዳር ሆነሽ ከየት ታውቂዋለሽ?

ጸጸት ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮህ ውሻ ነው፤ እንቅልፍ ይነሳል እንጂ የሄደውን አይመልስም። እኔ ያየሁት ሌሊቱን ሙሉ አንገቷን ደግፈሽ በማንኪያ ስታቀምሻት ነው። ያ ፍቅር እንጂ ጥፋት አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ለአርባዋ ለሚሰበሰቡት ንገሪያቸው፤ ከእንዲህ ዓይነት ኦፕራሲዮን በኋላ ለቀናት የሚያስመልሰው ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ። ቤተሰቡም ኦፕራሲዮኑን ሳይደብቅ ይናገር፤ ቫይታሚን ቢ1 በመርፌ፣ ከግሉኮሱ በፊት ወይም አብሮ እንዲሰጠው ይጠይቅ። በጊዜ ከተደረሰበት ሊድን ይችላል።

ለአርባዋ እመጣለሁ። እስከዚያ እባክሽ፣ እህል ቅመሽ።