በጋንጅስ ወንዝ ዳር ስላየነው የእስትንፋስ ትምህርት

ወደ ሰሜን ሕንድ የሚጓዝ ሰው በሪሺኬሽ ከተማ የእስትንፋስ ትምህርት ይሰጣል የሚል ማስታወቂያ በየደጁ ያያልና፥ ገብቶ የሚያገኘውን አስቀድሞ ያውቅ ዘንድ ያየነውን እንጽፋለን።

ሪሺኬሽ የጋንጅስ ወንዝ ከሂማላያ ተራሮች ወጥቶ ወደ ሜዳ የሚወርድበት ከተማ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. ቢትልስ የሚባሉት የእንግሊዝ ዘፋኞች ሊማሩ ከመጡበት ወዲህ ስሙ በዓለም ሁሉ ተሰማ።

በዕድሜም በማዕርግም የሚበልጡን አንድ ወዳጃችን አብረውን ነበሩ። በማለዳ፥ እህል ሳንቀምስ፥ ወደ አንድ አዳራሽ ገብተን በምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። መምህሩም አስቀድሞ፥ «ልቡን የሚያመው፥ የደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፥ ነፍሰ ጡርም የሆነች ትንገረኝ» አለ። ወዳጃችን በየጧቱ የልብ መድኃኒት እንደሚውጡ በመንገድ አይተናል፤ ነገር ግን ሕመማቸውን በሰው ፊት መናገር እንደ ውርደት ቈጥረውት ዝም አሉ። ብንናገር እናሳፍራቸዋለን፤ ብንተው ደግሞ የሚመጣው አይታወቅም። ጥቂት ካመነታን በኋላ ተነሥተን በመምህሩ ጆሮ ነገርነው። እርሱም ከግድግዳው አጠገብ አስቀምጦ፥ ከዝግታው በቀር ሌላውን እንዳይሠሩ፥ ትንፋሻቸውንም እንዳይዙ ከለከላቸው። ፊታቸውን አጠቈሩብን።

መጀመሪያው ሥራ ባስትሪካ ይባላል፤ ትርጓሜው ወናፍ ማለት ነው። በእውነትም አየሩን እንደ አንጥረኛ ወናፍ በኃይል እያስገቡ ያስወጡታል። እኛም ከጐናችን ከነበሩት ወጣቶች ላለማነስ ብለን አበዛነው። ወዲያው ጣታችንና ከንፈራችን ነዘረን፥ ራሳችን ዞረ፥ እጃችንም እንደ አሞራ ጥፍር ተኰማተረ፤ ሽባ የሆን መስሎን ደነገጥን። መምህሩ ግን በአፍንጫችን ቀስ ብለን እንድንተነፍስ አዘዘን፤ ጥቂት ቈይቶም ለቀቀን። ይህ የሚሆነው ትንፋሽ ሲበዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው የተቃጠለ አየር ከደም ውስጥ ከልክ በላይ ስለሚወጣ ነው።

ከዚያ በኋላ አራት እየቈጠርን አስገባን፥ ስድስት እየቈጠርን አስወጣን። ሰው እንደ ወትሮው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ሲተነፍስ በዚህ ቍጥር 6 ጊዜ ብቻ ይሆናል። በመጨረሻም ሁሉ አፉን ገጥሞ እንደ ንብ አጕረመረመ፤ አዳራሹ ቀፎ መሰለ። አንዲት ሴት አለቀሰች፤ መምህሩ ልቅሶም ሳቅም እንደሚመጣ አስቀድሞ ነግሮን ነበርና ማንም አልጠየቃትም። ይህ ትምህርት በሽታን ሁሉ ይፈውሳል የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ስለ እርሱ ብሎ የሐኪም መድኃኒት የሚተውን ሰው አናመሰግንም።

ወዳጃችን ቀኑን ሙሉ ሳያናግሩን ዋሉ። ማታ ሰዎች በቅጠል ላይ መብራት እያበሩ በወንዙ ሲሰዱ፥ በድንጋዩ ደረጃ ከጐናችን ተቀመጡና፥

«ስንት ቍጠሩ ነበር ያለው?» አሉን።

«ሲያስገቡ አራት፥ ሲያስወጡ ስድስት፥ ጌታዬ» አልናቸው።

«እንግዲያስ ቍጠርልኝ፤ እንቅልፍ ካጣሁ ሦስት ወሬ ነው» አሉን።

መብራቶቹ ከዓይናችን እስኪሰወሩ ድረስ ቈጠርንላቸው።