ደመና የማያግደው ምስል

ተማሪዎች ሆይ፣ መምህር በነበርኩበት ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ከሰማይ ስለሚነሡ ፎቶግራፎች ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «አገራችን ክረምቱን በደመና ተሸፍና ትከርማለች፤ ያን ጊዜ እንዴት ትታያለች?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም «ደመናው እስኪገፈፍ መጠበቅ ነው» ብዬ አስቀመጥኳት። ክፍሉ ሳቀ። የተሳሳትኩት ግን እኔ ነበርኩ። በ1970 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የተላከችው ሲሳት የተባለች የአሜሪካ ሳተላይት፣ ደመናም ሆነ ጨለማ ሳያግዳት ምድርን በራዳር አንሥታ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራ ካሜራ የፀሐይን ብርሃን ይጠብቃል፤ ራዳር ግን የራሱን ሞገድ ይልካል። ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ ስትጣሩ ድምፃችሁ ተመልሶ እንደሚመጣ ሁሉ፣ የተላከው የሬዲዮ ሞገድ ከምድር ተጋጭቶ ይመለሳል። ርዝመቱ ከደመና ጠብታዎች እጅግ ስለሚበልጥ ደመናውን አልፎ ይሄዳል። ለጥ ያለ የሐይቅ ውኃ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚመልሰው በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ሸካራ ድንጋያማ መሬት ግን ይነጣል። እኔ መጀመሪያ ባየሁት የራዳር ምስል ላይ ሐይቁን የተራራ ጥላ ነው ብዬ ነበር።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ምድር ተሰነጠቀች። አርብቶ አደሮች አመድ ከመሬት ሲወጣ በዓይናቸው አይተዋል፤ የስንጥቁን ሙሉ መጠን የነገረን ግን ራዳር ነው። ኤንቪሳት የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና ከክስተቱ በፊትና በኋላ ያነሣቻቸው ምስሎች ሲነጻጸሩ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር ግራና ቀኙ መሬት እስከ 8 ሜትር መራራቁ ታወቀ። ልብ በሉ፣ አፋር ደመና የሚበዛበት አገር አይደለም፤ እዚያ ራዳር የተፈለገው ለሌላ ችሎታው ነው። የኤንቪሳት ሞገድ ርዝመቱ 5.6 ሴንቲ ሜትር ነበር። መሬቱ ከዚህ ባነሰ መጠን እንኳ ከሳተላይቷ ቢርቅ ወይም ቢቀርብ፣ ሞገዱ ሲመለስ ከፍ የሚልበትና ዝቅ የሚልበት ቦታ ይዛነፋል፤ መዛነፉም ይለካል።

የዚያች ተማሪ ስም ጠፍቶብኛል። በመስኮቱ በኩል፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጥ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ። ለጥያቄዋ የሚገባው መልስ፣ በሐምሌ እኩለ ሌሊት፣ ሰማዩ በደመና እንደ ተከደነ አገራችን ትታያለች የሚል ነበር።